ከቫልቭ አምፕሊፋየር ወደ ሚክሰር፦ የጊታር ድምፅ የሚያልፍበት መንገድ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ከሚሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ሰንበቴ በእሑድ ገበያዋ የኦሮሞን፣ የአማራንና የአፋርን ሕዝብ የምታገናኝ ከተማ ስትሆን፣ በዚያው በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ የምትገኘውና በሰኞ ገበያዋ የታወቀችው ባቲ ደግሞ ከአራቱ ዋና ዋና የሙዚቃ ቅኝቶቻችን አንዱ በስሟ የሚጠራ ከተማ ናት። የባቲ ቅኝት በክራርና በማሲንቆ ሲዜም የኖረ ቢሆንም፣ ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ኤሌክትሪክ ጊታርም ከእነዚህ መሣሪያዎች ጎን ተሰልፎ ይጫወተዋል። በትልቅ ድንኳን ወይም በአደባባይ በሚደረግ ዝግጅት ላይ ግን የጊታሩ ድምፅ ብዙ ሕዝብ ጆሮ የሚደርሰው ከጊታረኛው አምፕሊፋየር በቀጥታ ሳይሆን፣ ሚክሰር በተባለው የድምፅ ማደባለቂያ በኩል አልፎ በትላልቆቹ ስፒከሮች ነው። የዚህ ትምህርታዊ ዝግጅት ጉዳይ አምፕሊፋየሩን ከሚክሰሩ ጋር የምታገናኘውና በብዙ አምፕሊፋየሮች ጀርባ ላይ «ላይን አውት» ተብሎ የሚጻፍባት መሰኪያ ናት፤ ትንሽ ብትሆንም አድማጩ የሚሰማው ጊታር የጊታረኛው ጊታር መሆኑን ወይም አለመሆኑን የምትወስነው እርሷ ናትና።

የመሰኪያዋን ሥራ ለመረዳት በቅድሚያ በሽቦ ውስጥ የሚጓዝ የድምፅ ሲግናል እየተለዋወጠ የሚሄድ ቮልት መሆኑንና ይህም ቮልት እንደ ምንጩ በእጅጉ የተለያየ መጠን እንዳለው መገንዘብ ያስፈልጋል። ማይክሮፎን የሚያወጣው ሲግናል ጥቂት ሚሊቮልት፣ ማለትም ከአንድ ቮልት ጥቂት ሺህኛ ብቻ ሲሆን፣ የጊታሩን ክር ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፒክአፕ ግን፣ በማግኔት ዙሪያ በሺህ የሚቆጠር ዙር ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት በመሆኑ፣ ከአንድ ቮልት አንድ አሥረኛ ገደማ ጀምሮ ክሩ በኃይል ሲመታ ከዚያ በብዙ እጥፍ የበለጠ ያወጣል። ከዚህ በላይ ያለው የላይን ደረጃ የሚባለው ነው፤ ሚክሰሮች፣ መቅጃዎችና የሬዲዮ ጣቢያ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው ሲግናል የሚቀባበሉበት ስምምነት ሲሆን፣ በሙያዊ መሣሪያዎች 1.23 ቮልት፣ ለቤት አገልግሎት በሚሠሩት ደግሞ 0.316 ቮልት ተብሎ ተወስኗል። የመጨረሻው የስፒከር ደረጃ ነው። ኃይል የሚገኘው የቮልቱ ካሬ ለኦሙ ሲካፈል በመሆኑ፣ 50 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር 8 ኦም ስፒከርን በሙሉ ኃይሉ ሲነዳ በስፒከሩ ሁለት ጫፎች መካከል 20 ቮልት ይታያል። ይህን የስፒከር ሲግናል በቀጥታ ወደ ሚክሰር ማይክ መሰኪያ ማስገባት መሣሪያው ከሚጠብቀው በሺህ እጥፍ የበለጠ መስጠት ስለሆነ፣ ውጤቱ የተበላሸ ድምፅ ብቻ ሳይሆን የተቃጠለ ሚክሰር ሊሆን ይችላል።

ቫልቭ ወይም ቲዩብ የሚባለው ዕቃ ከትራንዚስተር በፊት የነበረ፣ አየሩ ተመጥጦ በወጣለት ብርጭቆ ውስጥ የተሠራ የሲግናል ማጎልበቻ ሲሆን፣ የቀድሞዎቹን ትላልቅ ሬዲዮኖች የሚያስታውሱ አድማጮች ሬዲዮኑ ከመናገሩ በፊት እስኪሞቅ ይጠበቅ የነበረው በቫልቮቹ ምክንያት እንደሆነ ያውቃሉ። በውስጡ ያለው ማሞቂያ ካቶድ የተባለውን ክፍል ሲያግለው ኤሌክትሮኖች ከላዩ ይነሣሉ፤ ከፍተኛ አዎንታዊ ቮልት የተሰጠው አኖድ ወደ ራሱ ይስባቸዋል፤ አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት በ1906 እ.ኤ.አ. በሁለቱ መካከል ያስገባው ግሪድ የተባለ የሽቦ ፍርግርግ ደግሞ በላዩ በሚደርሰው ጥቂት የቮልት ለውጥ የኤሌክትሮኖቹን ጉዞ አንዴ ይገታል፣ አንዴ ይለቃል። በጊታር አምፕሊፋየር ውስጥ በብዛት የሚገኘው 12ኤኤክስ7 የተባለው ትንሽ ቫልቭ በዚህ መንገድ ወደ ግሪዱ የገባውን ሲግናል ከ50 እጥፍ በላይ ሊያሳድገው ይችላል። ከእንዲህ ያሉ ጥቂት ቫልቮችና ከወፍራምና ቀጭን ድምፅ ማስተካከያዎቹ የተዋቀረው የመጀመሪያው ክፍል ፕሪአምፕ ይባላል፤ ቀጥሎ እንደ ኢኤል34 ያሉ ትላልቅ ቫልቮች የሚገኙበት የኃይል ክፍል ይመጣል፤ በመጨረሻም አውትፑት ትራንስፎርመር የቫልቮቹን ከፍተኛ ቮልትና አነስተኛ ከረንት ስፒከሩ ወደሚፈልገው አነስተኛ ቮልትና ከፍተኛ ከረንት ይለውጠዋል። ከቮልት አንድ አሥረኛ የተነሣው ሲግናል ስፒከሩ ጋ ሲደርስ 20 ቮልት የሚሆነው ይህን ሁሉ አልፎ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ደረጃ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ጠባዩም ይለወጣል።

ላይን አውት ከዚህ ረጅም መንገድ ላይ ከየት ተቆርጦ እንደሚወጣ ማወቅ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው። በአንዳንድ አምፕሊፋየሮች ላይ ሲግናሉ የሚወጣው ፕሪአምፑ እንዳበቃ፣ የኃይሉ ክፍል ሳይጀምር ነው። ይህ መውጫ ለመሥራት ቀላል ሲሆን የላይን ደረጃንም ያለ ብዙ ድካም ያገኛል፤ ነገር ግን ትላልቆቹ ቫልቮች ተጨንቀው ሲሠሩ የሚሰጡትን ጭምቅ ያለ ድምፅም ሆነ የትራንስፎርመሩን አሻራ አይዝም። ጊታረኛው መድረክ ላይ የሚሰማውና ሚክሰሩ የሚቀበለው በዚህ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ስለሚሆኑ፣ ተጫዋቹ ጣቱን ከሚሰማው ድምፅ ጋር ሲያስማማ አድማጩ የሚሰማው ሌላ ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ ሲግናሉን ከመጨረሻው፣ ከስፒከሩ ጫፎች ላይ ወስዶ ወደ ላይን ደረጃ ዝቅ ማድረግ ነው፤ በአሜሪካ የሚሠሩት ሜሳ ቡጊ አምፕሊፋየሮች «ስሌቭ» ብለው የሰየሙት መውጫ የዚህ ዓይነቱ ነው። አሠራሩ ለማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ባለሙያ እንግዳ አይደለም። አንድ 10,000 ኦምና አንድ 680 ኦም ሬዚስተር ተከታትለው በስፒከሩ ሁለት ጫፎች መካከል ቢገናኙ፣ በስፒከሩ ላይ ያለው 20 ቮልት በሁለቱ መካከል እንደየመጠናቸው ይከፋፈላል፤ ከ680ው ኦም ሁለት ጫፎች ላይ የሚለካው ድርሻ 1.27 ቮልት ገደማ ሲሆን፣ ይህም ሙያዊው የላይን ደረጃ ማለት ነው። ሬዚስተሮቹ ከአምፕሊፋየሩ የሚወስዱት ኃይል ከአንድ ዋት 25ኛ እንኳ የማይሞላ በመሆኑ ስፒከሩ ምንም የሚጎድልበት ነገር የለም። ጊታረኛው ቀስ ብሎ ሲጫወትና ኃይሉ ወደ 1 ዋት ሲወርድ ሲግናሉም አብሮ ወደ 0.18 ቮልት ይወርዳል፤ ስለዚህ የእጁ ቅላፄ ሳይዛባ ወደ ሚክሰሩ ይተላለፋል። ይህ ጠባይ አንድ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የአምፕሊፋየሩ ዋና የድምፅ መጠን በተነካ ቁጥር የላይን አውቱም መጠን አብሮ ስለሚለወጥ፣ ሚክሰሩን የሚቆጣጠረው ሳውንድ ማን ልኬቱን መውሰድ ያለበት ጊታረኛው የመጨረሻ መጠኑን ከወሰነ በኋላ ነው።

ይህም ሆኖ ከስፒከሩ ጫፍ የተወሰደው ሲግናል ገና ሙሉ አይደለም፤ የቀረው ስፒከሩ ራሱ ነው። ለጊታር የሚሠራው ባለ 12 ኢንች ስፒከር ለሙዚቃ ማዳመጫ ከሚሠሩት የተለየ ሲሆን፣ ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ በፍጥነት እየጣለ የሚሄድ፣ እንደ ወንፊት ሻካራውን አስቀርቶ የላመውን የሚያሳልፍ ዕቃ ነው። ቫልቮች ከአቅማቸው በላይ ሲነዱ በመጀመሪያው ድምፅ ላይ ብዙ ተከታታይ ሀርሞኒኮችን፣ ማለትም የመሠረታዊውን ድምፅ ብዜት የሆኑ ቀጫጭን ድምፆችን ይጨምራሉ፤ የጊታር ስፒከር የእነዚህን የላይኞቹን ስለሚያስቀር ጆሮ የሚሰማው ሞቅ ያለ ድምፅ ይሆናል። ስፒከሩ ተዘልሎ ሲግናሉ በቀጥታ ወደ ሚክሰር ከገባ ግን፣ የሠርግና የመድረክ ስፒከሮች እስከ 15,000 ኸርዝና ከዚያም በላይ ያለውን ሁሉ በታማኝነት ስለሚያሰሙ፣ ያ ሁሉ ሻካራ ነገር ሳይነካ አድማጩ ጋ ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜ «ጊታሩ ይንጫጫል» የሚባለው ይኸው ነው።

ለባቲ ቅኝት ደግሞ ይህ ጉድለት የተለየ ክብደት አለው። ከዶ የሚነሣው ሜጀር ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል እና ሲ የሚሉ አምስት ድምፆች ያሉት ሲሆን፣ ሚና ፋ የግማሽ ድምፅ ጎረቤቶች ናቸው። ጊታረኛው በክራር ስልት ክሮቹን በተናጠል እየመታ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የፊተኛው ክር ሳይዘጋ የኋለኛው ሊጀምር ይችላል። መካከለኛው ሚ 329.6 ኸርዝ፣ ፋ ደግሞ 349.2 ኸርዝ በመሆናቸው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሴኮንድ ወደ 20 የሚጠጋ መርገብገብ ይፈጥራል። በንጹሕ ድምፅ ይህ መርገብገብ የቅኝቱ ውበት አካል ሊሆን ይችላል፤ በተጨነቀ ቫልቭ ውስጥ ሲያልፍ ግን ሁለቱ ድምፆች ተደምረውና ተቀናንሰው በቅኝቱ ውስጥ የሌሉ አዳዲስ ድምፆችን ስለሚወልዱ፣ የላይኞቹን የሚያስቀር ስፒከር ከሌለ መፋተግ ብቻ ይሰማል። የክሩ መመታት የሚፈጥረው ሹል ድምፅም በዚያው መጠን ይገናል። ስለዚህ የባቲን ዜማ በላይን አውት ለማሰማት የሚፈልግ ባለሙያ የስፒከር ማስመሰያ የተባለውን ማጣሪያ በመካከል ሊያስገባ ይገባዋል። ማስመሰያው በአንዳንድ አምፕሊፋየሮች ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል፤ ለብቻው በሣጥን መልክም ይሸጣል፤ በዛሬ ጊዜ ደግሞ የአንድን እውነተኛ ስፒከር ምላሽ በኮምፒዩተር ቀድቶ የሚተገብር ዲጂታል ዓይነትም አለ። አንዳቸውም በሌሉበት የሚክሰሩን የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ በርከት አድርጎ ዝቅ ማድረግ ጉድለቱን በከፊል ይሸፍነዋል።

ማይክሮፎን በአምፕሊፋየሩ ፊት ማቆም ከዚህ ሁሉ አይቀልም ወይ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ኋላ ሮሃ ባንድ ተብሎ የታወቀው፣ ጊታሩን ሰላም ስዩም ቤዙን ጆቫኒ ሪኮ የሚጫወቱለት አይቤክስ ባንድ በ1976 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል አዳራሽ የመሣሪያ ሙዚቃ አልበሙን ሲቀዳ፣ ባንዱ በአንድነት እየተጫወተ የአዳራሹም አየር ከድምፁ ጋር አብሮ ተቀድቷል፤ የዚያ ዘመን ቅጂዎች ዛሬም ሲሰሙ የሚማርኩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በተቃራኒው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዲትሮይት የነበረው የሞታውን ስቱዲዮ ባለሙያዎች የጊታርንና የቤዝን ሲግናል ያለ አምፕሊፋየር በቀጥታ ወደ መቅጃቸው ያስገቡ ነበር፤ ንጹሕ ድምፅ የሚያስቀሩለት ብዙ ሀርሞኒክ ስለሌለው ይህ ዘዴ ሠርቶላቸዋል። በጸጥተኛ አዳራሽ ውስጥ ጥሩ ማይክሮፎን የሚስተካከለው የለም ማለት ይቻላል። በድንኳን ውስጥ ግን የከበሮው፣ የጭብጨባውና የጄኔሬተሩ ድምፅ ሁሉ በዚያው ማይክ ይገባል፤ ማይኩ ከትላልቆቹ ስፒከሮች የሚወጣውን መልሶ እየሰማም ማፏጨት ይጀምራል። ላይን አውት ከእነዚህ ከሁለቱም ነጻ ነው፤ እንደ ሰንበቴና ከሚሴ ባሉ ከተሞች ለሚደረጉ የድንኳን ዝግጅቶችም ማጣሪያ የተጨመረበት፣ ከስፒከር ጫፍ የተወሰደ ላይን አውት ከማይክሮፎኑ ይመረጣል።

እዚህ ላይ ብዙ አምፕሊፋየር ያበላሸ አንድ የተሳሳተ እምነት መታረም አለበት። ላይን አውት ስላለ ስፒከሩን መንቀል ይቻላል የሚለው እምነት በቫልቭ አምፕሊፋየር ላይ ስሕተት ነው። ላይን አውቱ ከአምፕሊፋየሩ የሚወስደው ኃይል ከምንም ስለማይቆጠር ስፒከሩ ሲነቀል ትራንስፎርመሩ ያለ ጭነት ይቀራል፤ በውስጡ የተጠራቀመው ማግኔታዊ ጉልበት የሚሄድበት ሲያጣ ወደ ሺህ ቮልቶች በሚደርስ ኃይል ወደ ቫልቮቹ ይመለሳል፤ የሽቦው ሽፋን ይበሳል ወይም በቫልቩ መቀመጫ ላይ እሳት ይዘላል። ብዙዎቹ የትራንዚስተር አምፕሊፋየሮች ያለ ስፒከር ቢበሩ ምንም ስለማይሆኑ የዚያ ልምድ ያለው ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። ድምፁ ከአምፕሊፋየሩ እንዳይወጣ የሚፈለግ ከሆነ በስፒከሩ ቦታ ኦሙ እኩል የሆነና የአምፕሊፋየሩን ዋት በእጥፍ የሚችል ሬዚስተር፣ ማለትም ምትክ ጭነት፣ ይገባል፤ ይህም ሬዚስተር የአምፕሊፋየሩን ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት የሚለውጥ በመሆኑ በቆላማው የሰንበቴ አየር ዙሪያው ክፍት ሆኖ መቀመጥ ይኖርበታል።

ሲግናሉ ከአምፕሊፋየሩ ከወጣ በኋላ ያለው የኬብል ጉዳይ አጭር ነው። የፒክአፕ ሲግናል በረጅም ኬብል ሲጓዝ ቀጭኑን ድምፅ ያጣል፤ ዝቅተኛ ኢምፔዳንስ ያለው፣ ማለትም ከረንት ለመስጠት የማይቸገረው የላይን ሲግናል ግን ከመድረኩ ድንኳኑ ጫፍ ላይ እስካለው ሚክሰር ድረስ ቢሄድም ያን ያህል አይጎዳም። በሦስት እግር መሰኪያ የሚሄደው ባላንስድ ኬብል ሲግናሉን በሁለት ሽቦዎች እርስ በርሱ ተቃራኒ አድርጎ ስለሚወስደው፣ በመንገድ ላይ በሁለቱም እኩል የገባው ጩኸት ሚክሰሩ አንዱን ከሌላው ሲቀንስ ይጠፋል። ኬብሉ ሚክሰሩ ላይ መሰካት ያለበት ላይን በተባለው መግቢያ ነው፤ ማይክ በተባለው ብቻ መሰካት ግድ ከሆነ ሲግናሉን ወደ አንድ አሥረኛ የሚያወርደውን ፓድ የተባለ ቁልፍ መጫንና ለማይክሮፎኖች የሚላከውን 48 ቮልት አስቀድሞ ማጥፋት ይገባል።

የበለጠ ትኩረት የሚሻው ሂም የሚለው ዝቅተኛ ድምፅ ነው። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን፣ አምፕሊፋየሩ ከአንድ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ከሌላ ሶኬት ሲበሩ በሁለቱ የምድር ገመዶችና በላይን አውቱ ኬብል መካከል ቀለበት ይፈጠራል፤ በቀለበቱ የሚዞረው ጥቂት ከረንት በ50 እና በ100 ኸርዝ ሂምታ ሆኖ ይሰማል። ትክክለኛው መፍትሔ ሲግናሉን በማግኔት እያሻገረ ሽቦውን የሚለያይ ትንሽ የድምፅ ትራንስፎርመር በላይን አውቱ ላይ ማስገባት፣ ወይም ሁለቱንም መሣሪያዎች ከአንድ ሶኬት ማብራት ነው። አንዳንዶች ግን የአምፕሊፋየሩን የምድር ገመድ ከሶኬቱ ቆርጠው ሂምታውን ያጠፉታል፤ ይህ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነው። የምድር ገመዱ የተቆረጠ አምፕሊፋየር በውስጡ ብልሽት ቢደርስበት 220ው ቮልት በአምፕሊፋየሩ አካልና በጊታሩ ክሮች ላይ ይመጣል፤ ጊታሩን የያዘው ሰው ሊዘፍን ከንፈሩን ወደ ማይኩ ባስጠጋ ጊዜ ከረንቱ በእርሱ አካል በኩል ወደ ምድር ይሄዳል። በጄኔሬተርና በተቀጣጠሉ የኤክስቴንሽን ገመዶች በሚሠራ ዝግጅት ላይ የምድር ገመድ ከጄኔሬተሩ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሶኬት መኖሩን ማረጋገጥ ከድምፅ ጥራት ሁሉ መቅደም አለበት።

ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጡ አምፕሊፋየሮችም የራሳቸው ጥንቃቄ አላቸው። በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ እንዲሠሩ የታሰቡ በመሆናቸው ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይሻሉ፤ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ቢያስተካክልም 50 ኸርዙን ስለማይለውጠው የአንዳንዶቹ የውስጥ ትራንስፎርመር ከተለመደው በላይ ይሞቃል። አምፕሊፋየሩ ከተበራ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከጀርባው ያለውን ሙቀት ሳይነኩ እጅን በማስጠጋት መፈተሽና የተቃጠለ ሽታ መኖር አለመኖሩን መከታተል ያስፈልጋል።

የላይን አውት መክፈያውን ሣጥን መሥራት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ለሚጠግን ባለሙያ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው፤ ሁለት ሬዚስተር፣ አንድ ትንሽ የድምፅ ትራንስፎርመርና ሁለት መሰኪያ ይበቁታል፤ ሣጥኑ ከአምፕሊፋየሩ ውጭ ከስፒከሩ ገመድ ጋር ጎን ለጎን ስለሚገናኝም አምፕሊፋየሩን መክፈት አያስፈልግም። በሰንበቴ፣ በከሚሴና በባቲ የሚሠሩ የጥገና ባለሙያዎች ይህን ለአካባቢያቸው ሙዚቀኞች ሠርተው ቢያቀርቡ የቅኝቱ ባለቤት የሆነው ሕዝብ ጊታሩን በትክክለኛ ድምፁ ይሰማዋል። አምፕሊፋየሩን መክፈት የግድ ከሆነ ግን በውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ካፓሲተሮች አምፕሊፋየሩ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም 400 ቮልትና ከዚያ በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ባለሙያው ማንኛውንም ነገር ከመንካቱ በፊት ቮልቱ መውረዱን በመለኪያ ማረጋገጥ አለበት፤ መለኪያ የሌለው ሰውም ሊከፍተው አይገባም።